ሞርሳው ላይ የታሰረው ጠመንጃ

ጠመንጃ አስተካካዩ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ጥይቱ ደረቱን በስቶ ወጥቷል። ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ የታሰረው የሠራዊት ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ እሱ እንዳዞረ ነው፤ ከጎኑ ሞረድ፣ ከሞረዱ አጠገብ የቃታ ጥብቀት የሚፈተንበት የሁለት ኪሎ ክብደት ተቀምጧል። ተረኛው ፖሊስ ወረቀቱን ጨርሶ ነበር፦ ቃታ ሲሞርድ የተረሳ ጥይት ባርቆበት፣ በራሱ ቸልተኝነት።

የሟቹ ባለቤት በሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ለኢላማ ተኳሾች ሲሠራ ጥይት እዚህ ክፍል አስገብቶ አያውቅም» አለች ለመርማሪዋ። «ቸልተኛ ብላችሁ አትቅበሩብኝ። ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጓንት አጠለቀች። የጠመንጃውን መዝጊያ ከፈት አድርጋ አየች፤ ባዶው ቀለህ እዚያው አለ። መልሳ ዘጋችው። ጥጥ የጠቀለለችበትን ስንጥር ወደ አፈሙዙ ሰደደች። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ወጣ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አብሮት ይሠራ ነበር። የደረቀ ሙጫ ጣቶቹ ላይ ተጣብቋል።

«ጠመንጃው የማን ነው?» አለችው መርፌ።

«የሻምበል ነው፤ የኢላማ ተኳሾች ቡድን አሰልጣኝ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር በሙጫ አስማማንለት፤ ጥይቱ አንድ ቀዳዳ ላይ ይደራረብ ጀመር። እሱ ግን ቃታው በግማሽ ኪሎ ይቅለልልኝ አለ።»

«ከደንቡ በታች?»

«አዎ። ጋሼ እምቢ አለው። ሌላ ቦታ አስሞርዶ መጣ፤ በደንቡ መሸከም ያለበትን ሁለት ኪሎ ስንሰቅልበት ቃታው ወዲያው ለቀቀ። ጋሼ ለውድድሩ ዳኞች እነግራለሁ ብሎ ማለ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እንጨት ልገዛ ሄጄ። ሻጩን ይጠይቁት።»

ተጠርቶ የመጣው ሻምበል ካፖርቱን እንደ ለበሰ ገባ።

«እኔ ተኩስ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ያሳዝናል፤ እጁ ወርቅ ነበር፣ ምላሱ ግን እሬት!»

«ምን አለዎት?»

«ጠመንጃ መወልወል አትችልም እያለ በልጆቼ ፊት ያሾፍብኛል። እኔን! ሃያ ዓመት የወለወልኩትን!»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መርፌ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። ከመደርደሪያው ባዶ ጠመንጃ አንሥታ ለወንድምየው ሰጠችው። «ወልውለው።» መዝጊያውን ነቅሎ መወልወያ ዘንጉን ከኋላ አስገባ።

«እስቲ ሻምበል ያሳዩን፤ አይችሉም ብሎዎት የለ?»

ሻምበል ጠመንጃውን ነጠቀና ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደደው።

«ኧረ በአፉ አይደለም!» ጮኸ ወንድምየው። «ጫፉ ከተፋቀ ጥይቱ ይስታል! ጋሼ ቢያይህ ...»

«ይበቃል» አለች መርፌ። «የተኮሰ ጠመንጃ ውስጡ ጥላሸት አለው። የገደለው ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ከተኩሱ በኋላ ተወልውሏል፤ ሟች ደግሞ ተነሥቶ አይወለውልም። ቀለሁም አልወጣም። ከኋላ የሚወለውል ሰው ቀለሁን ሳያወጣ ዘንግ አያስገባም። የተወለወለው ከፊት ነው። በዚህ ቤት እንደዚያ የሚያደርግ የለም።»

«ገድሎ የሚወለውል ምን ዓይነት ጅል ነው?» አለ ሻምበል።

«ሃያ ዓመት ተኩሶ ሳይወለውል አስቀምጦ የማያውቅ። እጅዎ ከሐሳብዎ ቀደመ። የተወለወለበትን ጥቁር ጨርቅ ወለሉ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ሥርዓት የለመደ ሰው መሬት ላይ አይጥልም። ኪስዎን ይገልብጡ።»

አልገለበጠም። ፖሊሱ እጁን ከካፖርቱ ኪስ ሲያወጣ ጥላሸት የጠጣች ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ነበር።

«ቡድኔን ሊያፈርስብኝ ነበር» አለ ሻምበል ድምፁ ወርዶ። «ለግማሽ ኪሎ!»

ከወሰዱት በኋላ ፖሊሱ አዲስ ወረቀት አወጣ። መርፌ ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«ቸልተኛ አልነበረም ተብሎ ይጻፋል።»

ባለቤቱ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ጠዋት ኀዘን ብቻ ነበረኝ» አለች። «አሁን የምጠላውም ሰው አገኘሁ። ቢሆንም ይጻፉት፤ እኔ እችለዋለሁ።»