የአጥንት ከረሜላ

ፌንጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤቱ የፊት ክፍል የስፌት ክፍል ነው። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ድርርር ሲል ይውላል። ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ቁልፍ የሞላበት ትልቅ ጣሳ። የበር ቁልፍ አይደለም እንግዲህ፣ የሸሚዝና የካፖርት ቁልፍ! ይህችን ጣሳ አትርሷት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ለምን ፌንጣ ተባለች? ስለምትዘል ነዋ! ደረጃ ስትወርድ ትዘላለች፤ ስትላክ ትዘላለች፤ ስትቆጣ እንኳ እየዘለለች ነው። ገመድ ከያዘችማ ማን ያስቆማታል? ትምህርት ቤቷ የገመድ ዝላይ ውድድር ሊያዘጋጅ ነበርና "አንደኛ ካልወጣሁ ሞቼ እገኛለሁ!" ብላለች።

ችግሩ ምግብ ላይ ነው። ጎመን ሲቀርብ አፍንጫዋን ትይዛለች። እንቁላሉ ይሸተኛል፣ ወተቱ ያቅለሸልሸኛል፣ ባቄላው አፌ ውስጥ ይንከራተታል ትላለች። ብስኩትና ከረሜላ ሲሆን ግን አፏ ውስጥ የሚንከራተት ነገር የለም። ለስላሳ መጠጥ ካገኘች ደግሞ "በቃኝ" የምትባለው ቃል ትጠፋባታለች። ምነው ሳቃችሁ? እዚህ መካከል ዘመድ አላት መሰለኝ።

አያቷን "እማማ" ነው የምትላቸው። እማማ በዚያ ሰሞን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ገብተው ተጠገነላቸው፤ አሁን በምርኩዝ መሄድ ይለማመዳሉ። በዚያ ላይ ስኳር አለባቸው። የሚላሰውን ስኳር ማለቴ አይደለም፤ በሽታውን ነው። ያ በሽታ ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ስኳር ይበዛበታል፤ ስለዚህ ከጣፋጭ ነገር መጠንቀቅ አለበት። እማማ ድሮ ጣፋጭ ሲያዩ አያስችላቸውም ነበር። ከታመሙ ወዲህ ግን "ሁለተኛ በአፌ አይዞርም!" ብለው ማሉ። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው።

አንድ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ኮሪደሩን ጨረሱ። ላባቸውን ጠረጉና፣

"ፌንጣዬ፣" አሉ፣ "አንቺ በምትዘይበት ቀን በገዛ እግሬ ሄጄ፣ ሜዳው ዳር ቆሜ አይሻለሁ። ማንም አይሸከመኝም!"

"እውነት እማማ?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

የምታክማቸው ሐኪም ለአጥንታቸው የሚታኘክ እንክብል አዝዛላቸው ነበር፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ክብ ነው፤ መልኩ ብርቱካን ይመስላል። እማማ ግን መድኃኒት ሲባል ፊታቸው ይጨማደዳል። እናት ዘዴ ፈጠረች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም። የአጥንት ከረሜላ ነው!"

እማማ ሳቁና አኘኩት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስሙ የአጥንት ከረሜላ ሆኖ ቀረ። ነገር ያበላሸችው ይህች ስም ናት።

ፌንጣ ስሙን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ለአጥንት ይጠቅማል፤ ደግሞም ከረሜላ ነው! "ታዲያ ጎመን ለምኔ?" አለች በልቧ። ተደብቃ አንዱን ቀመሰች። ጠመኔ ጠመኔ ይላል፤ ቢሆንም ብርቱካን ብርቱካንም ይላል። አንዱ እማማን እንዲህ ካጠነከረ ብዙውማ እንዴት ያደርጋል? አጥንቴ ብረት ይሆናል፣ ጣሪያ እዘላለሁ አለች።

እማማ ደጅ ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ። እናት ጀርባዋን ሰጥታ ትሰፋለች። ፌንጣ ብልቃጡን ከፈተች፤ እንክብሉን ሁሉ ቁልፉ ጣሳ ውስጥ ገለበጠችው። በምትኩ ብልቃጡን በራሷ ብርቱካናማ ከረሜላ ሞላችው። "የእማማ ዓይን ደከም ያለ ነው፤ አያውቁም። ከረሜላ በከረሜላ ብተካ ምን ይሆናል?"

ምን ይሆናል ልጆች? አዎ! እናንተ ያስታወሳችሁትን እሷ ረሳችው።

ያን ዕለት ማታ እማማ አኘኩና፣ "እሰይ! መድኃኒት ሠሪዎቹ አዘኑልን መሰለኝ። ዛሬ ጣፈጠኝ!" አሉ። ፌንጣ የወደቀ መርፌ የምትፈልግ መስላ ጠረጴዛው ስር ገባች።

ከዚያ በኋላ ገበታ ሲቀርብ "ጠግቤያለሁ" ማለት አመጣች። ሰው ሳያያት ጣሳው ጋ ትሄድና ትቆረጥማለች። ከላዩ ለስላሳ ትጠጣበታለች። አጥንቷ ብረት ሆነ? ምን ብረት ይሆናል! ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። መጸዳጃ ቤት ከገባች መውጫዋ አይታወቅም። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እሷን ግን አላሳቃትም። ልምምድ ላይ ገመዱ እግሯን እየጠለፈ ይጥላት ጀመር።

እማማም ባሰባቸው። ውኃ ቢጠጡ ቢጠጡ ጥማቸው አልቆርጥ አለ። ዓይናቸው ይደበዝዛል። አንድ ጠዋት ኮሪደሩን ሳያጋምሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወንበር ፈለጉ። እናት ደንግጣ ጣታቸውን ወጋችና የስኳር መለኪያውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማዬ፣ ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል! ምን በልተው ነው?"

"ምንም።"

ሐኪሟ ጋ ተደወለ። "አሁኑኑ አምጪያቸው" አለች። "ምክንያቱ ካልታወቀና ካልወረደ ሆስፒታል ይተኛሉ። የእግር ልምምዱም ይቆማል።"

እናት ስልኩን ዘጋችና ወደ እማማ ዞረች። "ተደብቀው ጣፋጭ እየበሉ ነው። ለእኔ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ!"

"ልጄ፣ ምዬ የተውኩት ነገር ነው።"

"ታዲያ ከየት መጣ?"

እናት ትራሱን አነሳች። ፍራሹን ገለበጠች። ከዚያ የእማማን ካፖርት አወረደችና ኪሶቹን ወደ ውጭ ገልብጣ ፈተሸች። አንድ መሐረብ ብቻ ወደቀ። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የገዛ ልጃቸው ኪሳቸውን ስትበረብር ያያሉ።

"በስተርጅናዬ ውሸታም ሆንኩ" አሉ። እንባቸው ወረደ።

ፌንጣ በሩ ላይ ቆማለች። ዝም ብል ማን ያውቃል? የሚል ሐሳብ መጣባት። ደረጃውን ሁሉ የምትዘል ልጅ፣ ወደ እማማ አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት። እነዚያን የተገለበጡ ኪሶች ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም። "እግዚአብሔር ሆይ፣ ይህችን ብቻ አዘልለኝ" አለች። ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከጥቁሩና ከነጩ ቁልፍ ጋር ብርቱካናማው እንክብል ተበተነ።

"እማማ አልዋሹም! እኔ ነኝ! መድኃኒቱን እኔ ወስጄ ከረሜላ ተካሁበት። እኔ ነኝ ያሳመምኳቸው!"

እናት ብልቃጡን አንስታ አሸተተችና አንዱን ቀመሰች። ወንበር ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ ፌንጣን አልተቆጣችም፤ የእማማን እጅ ያዘች።

"እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳላጣራ አስለቀስኩዎት።"

"ይቅር ብያለሁ" አሉ እማማ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሐኪሟ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ አለችኝ። እኔ ደግሞ ጣፈጠኝ፤ አጥንቴም ቶሎ ይጠና፣ ለፌንጣ ውድድር ልድረስ ብዬ በላይ በላዩ ስቆረጥም ሰነበትኩ።"

"ወይ ጉድ! በአንድ ቤት ሁለት ፌንጣ!" አለች እናት። የምትስቅም የምታለቅስም መሰለች።

ከዚያ እፍኝ ቁልፍ ዘግና ለልጇ አሳየቻት። "ከዚህ ካፖርት ይወጣል?"

"አይወጣም። ጨርቅ የለውማ!" አለች ፌንጣ እያለቀሰች።

"በይ ስሚኝ። ጨርቁ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ጎመኑ፣ ባቄላው ነው። ስፌቱ መዝለልሽ ነው። እንክብሉ ደግሞ ሐኪሟ መርምራ ይጎድለዋል ላለችው ሰው የምትጨምርለት ቁልፍ ነው። አንቺ ያለ ጨርቅ ቁልፍ ስትተክይ ከረምሽ!"

ሐኪም ቤት ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሟ እማማን ካየች በኋላ ፌንጣንም መረመረቻት።

"ይሄ እንክብል ሲበዛ ሆድ ያደርቃል፤ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ለስላሳው ደግሞ ጥርስሽን ይቦረቡራል፤ ሆድሽንም ሞልቶ ለወተቱ ቦታ ያሳጣዋል። ለመሆኑ ከረሜላ ነው ያለሽ ማን ነው?"

እናት አንገቷን ደፋች። "ከዛሬ ጀምሮ ስሙ መድኃኒት ነው" አለች።

በማግስቱ እማማ ምርኩዛቸውን አነሱ። "ደህና፣ እንደገና ከመጀመሪያው!" አሉ። ፌንጣም ከጎናቸው ቆመች። "እኔም!" አለች። እማማ ያልበሉትን ጣፋጭ እሷም ላትበላ፣ እሳቸው የበሉትን ጎመን እሷም ልትበላ ቃል ገባች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። ቀላል ነበር? አልነበረም! እየቆየ ግን ባቄላው መንከራተቱን ተወ። በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ እማማ ሲራመዱ እሷ አጠገባቸው ትዘላለች። የእማማ ስኳርም ቀስ በቀስ ወረደ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ፌንጣ ስትዘል ገመዱ አይታይም ነበር። አንድ በአንድ ሌሎቹ ወጡ፤ እሷና አንዲት ረጅም ልጅ ብቻ ቀሩ። ያኔ በትምህርት ቤቱ በር ምርኩዝ ገባ። ከምርኩዙ ኋላ እማማ! እናት ከበስተኋላ ወንበር ተሸክማ "ይረፉ እንጂ!" ትላለች፤ ማን ሰምቷት። እማማ በገዛ እግራቸው ሜዳው ዳር ደርሰው ቆሙ።

"እማማ!" ብላ ፌንጣ ጮኸች። ገመዱ እግሯን ጠለፈው። ሁለተኛ ወጣች።

እየሮጠች ሄዳ ተጠመጠመችባቸው።

"ምነው ቆምሽ? እያሸነፍሽ እኮ ነበር!" አሉ እማማ።

"እርስዎን አይቼ ነዋ!"

"እንግዲያው በሚመጣው ዓመት ዓይንሽን ከገመዱ አታንሺ። እኔ እንደሆንኩ መምጣቴ አይቀርም!"

ልጆቼ፣ ብርታት ተሰርቆ በተቆረጠመ እንክብል ሳይሆን በየዕለቱ በሚበላ ደህና ምግብና በጥረት ይገኛል፤ ያጠፋ ልጅም ሌላ ሰው በእሱ ጥፋት ከማልቀሱ በፊት "እኔ ነኝ" ይበል።