የባላባቱ ሳንቲም

ኦቦ በርናባስ ነቀምቴ በሚገኘው ቤታቸው፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ሥር ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ድርቤ ነበረች፤ ኡኬ ከተማ ስታስተምር ውላ መመለሷ ነበር። የጭንቅላታቸው ቁስል ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ስለገጠመ፣ የፖሊስ አዛዡ ተደናቅፈው ነው ብሎ ፋይሉ እንዲዘጋ አዘዘ። ኢንስፔክተር ናኦሚ ግን አልፈርምም አለች።

ልቧን የቆረቆራት የሳንቲሙ ሣጥን ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ቤልግሬድ ሲማሩ የሰበሰቧቸው፣ ስድስት መቶ ዓመት ያለፋቸው የሰርቢያ የብር ሳንቲሞች ናቸው። ኃያሉ ንጉሥ ዱሻን ሞቶ ልጁ ኡሮሽ እየደከመ ሲሄድ፣ መኳንንቱ በየግዛታቸው በራሳቸው ስም ብር ያስመቱ ጀመር። በሣጥኑም ከላይ የንጉሡ፣ ከታች የእነዚህ ባላባቶች ረድፍ ነበር። ናኦሚ ሳንቲሞቹን ብታነሣ፣ ከሥራቸው ያለው ጨርቅ ላይ ደም ደርቋል፤ እነሱ ግን ንጹሕ ናቸው። ሽማግሌው ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ሳንቲሞቹን ለቅሞ፣ ጠርጎ፣ በየረድፋቸው መልሷል ማለት ነው።

በኪሳቸው በዕለቱ ቀን የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ተገኘ፦ «ከንጉሡ ረድፍ ሰባተኛውን ሳንቲም ዛሬ በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። የንጉሡ አይደለም፤ የባላባት ነው።»

ናኦሚ ቤተኞቹን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠየቀች፦ ድርቤን፣ ሳንቲሞቹን የሚያጸዳውን ጎረቤት ብር ሠሪ በኃይሉን፣ ስለ ሳንቲሞቹ የሚጽፉትን መጽሐፍ አብሯቸው ያዘጋጅ የነበረውን መምህር ሠርፀን። ሠርፀ ሁለት ሳምንት አርጆ ከተማ እንደቆየና ሽማግሌውን እንዳላያቸው ተናገረ። ለእያንዳንዳቸው ሳንቲሞቹን ደባልቃ፣ ኦቦ በርናባስ እንደሚያስቀምጧቸው አድርገው እንዲደረድሩ አዘዘች። ከዚያ አዛዡ ባለበት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ድርቤና አቶ በኃይሉ ሰባተኛውን ከንጉሡ ረድፍ አስቀመጡት» አለች። «ዘመኑን ሁሉ የኖረው እዚያ ነዋ። እርስዎ ግን መምህር፣ ከባላባቶቹ ጋር አስቀመጡት። በሣጥኑም ውስጥ ያገኘሁት እዚያው ነው። ፊደሉ ያለ አጉሊ መነጽር አይነበብም፤ ኦቦ በርናባስም ያነበቡት በሞቱበት ቀን ነው። ያን ቀን ካላገኟቸው ከማን ሰሙ?»

ሠርፀ አንገቱን አልደፋም።

«ስምንት ዓመት የደከምኩበት መጽሐፍ ነው። ስሜ አብሮ ይውጣ ብላቸው አይሆንም አሉኝ። ገፋኋቸው። ሳንቲሞቹን ግን እንደተበተኑ ጥያቸው መሄድ አልቻልኩም።»

ድርቤ ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«መጽሐፉ ይታተማል፣ መምህር። ኤሱማ፣ አጎቴ፣ ባይወዱትም ስምዎ ይወጣበታል። የጻፉትን አልነጥቅዎትም፤ ያደረጉትንም አልደብቅልዎትም።»

ያኔ ነው ሠርፀ አንገቱን የደፋው።