ገና አልተስማማንም

አሰገደች የነቃችው አግዳሚ ወንበሩ ሲንኳኳ ነው። ተማሪዎቹ በፈረንሳይ ወግ «ሙሴ» የሚሏቸው የፈረንሳይኛና የንግድ አስተማሪው ተክለማርያም ከሰሌዳው ዞር ብለው እያዩዋት ነበር።

«እንቅልፍ ነው?» አሏት።

«አይ ሙሴ፣ ጸሎት ላይ ናት» አለ ወንበሩን ያንኳኳው ልጅ።

ተማሪው ሁሉ አውካካ። አሰገደች ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበራት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ወፍጮው የሷ፣ ውሃው የሷ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አባቷም የሷ ናቸው። አባቷ ግራዝማች ኃይለየሱስ ከሸዋ ወደ ባሌ ዘምተው፣ ጎባ ላይ ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ወታደር ነበሩ። በከፍተኛ ትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪ እሷ ብቻ ናት፤ ያውም ስንት ለምና።

ልጁ ብዙነህ ይባላል፤ የሮቤው የከብት ደላላ የአቶ ይርጋለም ልጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቧ ይቀመጣል። ዓይኗ ሲከደን በክርኑ ነካ ያደርጋታል፤ ያመለጣትን ቃል ቀስ ብሎ ይነግራታል።

አንድ ቀን ሙሴ፣ ገዥና ሻጭ በፈረንሳይኛ ሲከራከሩ አሳዩኝ አሉ።

«ሮቤ ገበያ የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም፣ ሙሴ» አለ ብዙነህ። «ጋቢ ስር፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ በጣት ነው።»

«እስቲ አሳየን! ማን ይገዛል?»

ማንም አልተነሳም። አሰገደች ተነሳች።

ጋቢው ስር እጇን ያዘው። ወፍጮ ያሻከረው መዳፏ አሳፈራት፤ ልትስበው ስትል ጠበቅ አደረገው። ጣቶቹ ዋጋ አልጠሩም፤ ዝም ብለው ያዟት። ከእናቷ ወዲህ እንዲሁ፣ ለሥራ ሳይሆን፣ እጇን የያዛት ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ስንት ተባባላችሁ?» አሉ ሙሴ።

«ገና... አልተስማማንም» አለች።

ወሬው ቀድሟት ቤት ገባ።

«ከእንግዲህ ትምህርት ቤት የሚባል የለም!» አሉ ግራዝማች። «ጸሐፊው ደምመላሽ ሊያገባሽ ከጠየቀ ቆይቷል። ለሱ እሰጥሻለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ የብዙነህ ድምፅ ጠፋ። ፈርቷል፣ ወይም ለሱ ጨዋታ ነበር፣ አለች በሆዷ። ለማልቀስም ደክሟት ነበር።

እሁድ ከሰዓት ግን አባቱን አስከትሎ መጣ። ለካ የጠፋው አባቱን ሲለምን ነው!

«ነጋ ኦልተኒ፣ ግራዝማች?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ እያሉ ገቡ አቶ ይርጋለም። ስለ ልጅቷ ጀመሩና ወግ ጠፋባቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን ገልጠው እጃቸውን ወደ ግራዝማች ዘረጉ። ዕድሜ ልካቸውን በሬ ሲያሻሽጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ቀደማቸው።

«ልጄን እንደ በሬ ልትዋዋለኝ ነው? ውጣ ከቤቴ!»

አቶ ይርጋለም አመድ መሰሉ። አሰገደች ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ እኔ ደክሞኛል። ለእርስዎ መልፋቱ አይደለም፤ ብቻዬን መሆኑ ነው። ድካሜ የሚለቀኝ ከዚህ ልጅ አጠገብ ስሆን ብቻ ነው። እወደዋለሁ! ለደምመላሽ ከሰጡኝ ግን እሄዳለሁ። ለእምቢታም አቅም የለኝም...»

ግራዝማች መሬት መሬት አዩ። ቁጣቸው ጥሏቸው ሄደ።

«ደምመላሽ እኮ አጥር ለአጥር ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «አንቺ ሮቤ ከሄድሽ... እኔን ማን ያየኛል?»

«አልወስዳትም» አለ ብዙነህ። «እዚሁ ጎባ እንኖራለን። እኔም አለሁልዎ፣ አባባ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።»

«ወንድ ልጅ ውሃ ሊቀዳ?»

«አዎ።»

ግራዝማች፣ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ልጅና አቧራ የለበሰ እግሩን አዩ። ከዚያ መደቡ ላይ ጠጋ አሉ።

«በል ና፣ ቁጭ በል» አሉት። «ከሮቤ ድረስ በእግርህ ነው የመጣኸው።»