ከጋፋት አብረውን የተመለሱት ሴትዮ

እኔ መንፈስ ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያወራ ቀድሜ የምስቅ ሴት ነኝ፣ እናቴ እንኳ «አንቺ አረብ አገር ሄደሽ ፍርሃትሽን እዚያው ጥለሽው መጣሽ» ትለኛለች። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ደክሟት ነው፣ ደንግጣ ነው» ብትሉ አልቀየማችሁም፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ እመኑኝ፣ አንዱም አልዋጥልኝ ብሏል።

አኪኒ ኬንያዊት ናት። ቤሩት አንድ ሕንፃ ላይ፣ እሷ ላይኛው ፎቅ እኔ ታችኛው፣ ሰው ቤት ስንሠራ ነው የተዋወቅነው፣ የምንግባባውም በዚያው በተሰባበረው የማድቤት አረብኛችን ነው። ሁለታችንም ወዳገራችን ከገባን በኋላ በስልክ «አገርሽን ሳላይ አልሞትም» ስትለኝ ኖራ፣ ባለፈው መስከረም እውነትም መጣች፣ ባሕር ዳር ወርጄ ተቀብዬ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት አሳረፍኳት።

በማግስቱ ራሷን ይፈልጣት ጀመር። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አስሸተተቻት፣ እኔ ደግሞ ባገሯ ቆላ የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፣ ደጋው ከብዷት ነው፣ ትለምደዋለች አልኩ። ተኚ ብላት «ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት አልጋ ለማየት ነው?» ብላ ተነሳች። ጠዋት ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን አሳየኋት፣ ዳገቱ ላይ እያረፈች ወጣች። ከሰዓት ደግሞ ጋፋት ካልሄድን አለች፣ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን መድፍ ያሠራበት ቦታ ነው ብያት ነበርና ሳታየው መሄድ አልፈለገችም።

ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገድ ላይ አወረደንና እዚያው ሊጠብቀን ቆመ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ቦታው ደርሰን ፎቶ ተነሳን፣ ግን ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ከድንጋይ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት፣ እኔም በቃ እንመለስ አልኩ። ስንመለስ ከጉና በኩል ጉም ወርዶ የድንቹን ማሳ ሸፈነው። እኔ ከፊት ደረቅ መሬት እየመረጥኩ፣ እሷ ከኋላዬ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ጠቅ... ጠቅ... ምርኩዝ ድንጋይ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ። ዱላ አንስታ ይሆናል ብዬ ዞር ስል እጇ ባዶ ነው። ብቻ ቀኝ ክንዷ ከጎኗ ራቅ፣ ከፍ ብሏል፣ ሰው ሲደግፈን እንደምናደርገው።

ወዲያው ከብት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከፊታችን መጡ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«እንግዳሽን አሟታል መሰል?»

«አዎ አባቴ፣ ደጋው ከብዷት ነው።»

«ታዲያ ምነው ድጋፉን ለእሳቸው ተውሽው? አሮጊት አይደሉም እንዴ፣ ደክመዋል እኮ። ተቀበያቸው እንጂ ልጄ!» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ኋላዬ እጅ ነሱ።

ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉሙ ነው፣ አልኩ። ግን ከብቶቹስ? ከብቶቹ እኛ ጋ ሲደርሱ መንገዱን ለቀው፣ ማሳ ውስጥ ገብተው፣ ራቅ ብለው ዞረውን አለፉ፣ ሽማግሌውም እየተቆጡ ተከተሏቸው።

ሮጥ ብዬ ክንዷን ልይዝ ስል «በዚህ በግራ በኩል ያዢኝ፣ ያኛውን አክስትሽ ይዛልኛለች» አለችኝ።

«የምን አክስት?»

«እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል» አለችና ዓይኗን ጨፈነች፣ ግንባሯ እንደ እሳት ይፋጃል። ትኩሳት ያስቀባጥራል፣ አውቃለሁ። ግን አኪኒ ደልደል ያለች ሴት ናት፣ መራመድ እያቃታት እኔ ላይ ያረፈው ክብደት የአንድ ሕፃን እንኳ አይሆንም ነበር፣ የቀረውን ማን ተሸከመው? ወደ ቀኝ አላየሁም። እስከ ባጃጁ ድረስ አላየሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ መሽቶ መብራት በርቷል። ነርሷ ግሉኮስ ሰካችላትና ቀና ሳትል «አስታማሚ አንድ ነው የሚፈቀደው፣ አንዳችሁ ውጡ» አለች።

«እኔ ብቻ ነኝ እኮ እህቴ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከአልጋው ማዶ ያለውን ወንበር አየች፣ እንደገና እኔን፣ እንደገና ወንበሩን። «ይቅርታ» አለችና ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ግሉኮሱን ሊያይ የሚመጣው ሌላ ሰው ሆነ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ የአኪኒን እጅ ይዤ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያቀላቀልኩ ተቀመጥኩ። ሊነጋጋ ሲል ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲነሳለት እንደሚለው።

አኪኒ ድና ነቃች፣ ራባት፣ ሳቀች፣ ስለ ሴትዮዋ ቃል አልተነፈሰችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሰላም ሸኘኋት።

አገሯ ከገባች በኋላ ደወለች። ስለ መንገዱ አወራን፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ «አክስትሽስ ደህና ናት? ሌሊቱን ሙሉ ስታወራኝ አደረች» አለች።

«በምን ቋንቋ?»

«እንጃ! ሁሉም ግን ገብቶኛል። ስላንቺ ነበር የምታወራው፣ ሳትወለጂ በፊት ስላለው ሁሉ። ስሟንም ነግራኛለች እኮ፣ ቆይ...»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማውቀው ስም ቢሆንስ ብዬ ይሆናል።

እናቴ ጓዳ ድንች ትልጥ ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፣ መንገዱን፣ ወንበሩን፣ ስልኩን፤ «ስሟን ልትነግረኝ ስትል ዘጋሁባት» አልኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ እኔ ስንት ጊዜ ስቄባታለሁና። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ማን ናት አላለችኝም፣ ምን ትመስላለች አላለችኝም።

«ደግ አደረግሽ» አለች። ከዚያ ተነሳችና፣ ገና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ በሩን ዘጋችው።