ከፎቶው የተቆረጠው ሰው

ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ናት። ፌስቡክ ገጿ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሳ የገበሬዎችን ጥያቄ ትመልሳለች። ስለ ራሷ ግን አንድ ቃል ጽፋ አታውቅም።

ክንዱን ያገኘችው በዚሁ ገጽ ነው። ቡሬ አጠገብ የሚያርስ ወጣት ነበር፤ ላሙ ወልዳ መነሣት ቢያቅታት ፎቶዋን ላከላት። ሠርክአዲስ በሚኒባስ ደርሳ ካልሲየም በደም ሥሯ ሰጠቻት። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ላሟ ብድግ ስትል ክንዱ ያየው ላሟን አልነበረም። ሠርክአዲስም ዓይኗን ቶሎ አልሰበረችም።

እናቱ ሁለቱን ከላሟ ጋር ፎቶ አነሷቸው። እሷ ገጿ ላይ ስትለጥፈው ክንዱን ቆርጣ አወጣችው።

ዓመት ሙሉ ተዋደዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ትሄዳለች። ገጹ ላይ ግን ክንዱ የለም።

«ያላገባሁ ሴት ነኝ። ስሜ በሰው አፍ ከገባ ማን በሬውን አምኖ ይሰጠኛል?» ትለዋለች።

ክንዱ ፈገግ ይላል።

አንድ ቀን ከጽሑፏ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዶክተር፣ ላሚቱ በእርስዎ እጅ ተነሥታለች። ባለቤቷ ግን ያን ዕለት እንደ ወደቀ ነው።»

የጎጃም ሰው ቅኔ አያመልጠውም። ሳይመሽ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሳቁ፤ «መድኃኒቱን አይንፈጉት እንጂ» ያሉም ነበሩ። በማግሥቱ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ አቶ ወልደ ዮሐንስ አስጠሯት።

«ገጹ የሥራ ነው ወይስ የሠርግ?» አሏት፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

ወጥታ የክንዱን ጽሑፍ አጠፋችው።

ክንዱ ስልኳን ማንሣት ተወ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በአራተኛው ሳትጠራ ሄደች፤ ጤፍ ሲያጭድ አገኘችው።

«አሳፈርኩሽ» አላት።

«አሳፍረኸኛል። እኔም አሳፍሬሃለሁ።»

«ፎቶ አልነበረም የፈለግሁት። እናቴ ‹ይህች ልጅ ምንህ ናት?› ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።»

ሠርክአዲስ ነዶው ላይ ተቀመጠች።

«እዚያ ገጽ ላይ ያለችው ዶክተሯ ናት፤ የገበሬው ሁሉ ናት። እኔን እዚያ አትፈልገኝ። አባቴ ስልክ አይነኩም፤ ሽማግሌ ከደጃቸው ከቆመ ግን ያስገባሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ናቸው።»

እሑድ ክንዱ ሦስት ሽማግሌ ላከ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። በሠርጋቸው ማግሥት አንድ ገበሬ ጥጃው አልጠባ እንዳለው ለዶክተሯ ጻፈ። ሠርክአዲስ ስልኳን አንሥታ መመለስ ጀመረች። ክንዱ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጠ።