በሊጥ የመጣው ልክ

ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ሱቅ፣ በራሴ ባንኮኒ ላይ የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

ባሃዋልፑር ከተማ፣ ባለፈው ሰኔ። አምስት ቀን፣ ሁልጊዜም ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ።

አምፖል እሸጣለሁ። ሱቁ የእኔና የታናሽ ወንድሜ የያዋር ነበር፤ እኔ እሸጣለሁ፣ እሱ ቤት ለቤት እየዞረ ይገጥማል። የሽቦ ልባስ የሚልጠው በጥርሱ ነው። እናታችን፣ "ጥርስህ ፒንሳ ነው እንዴ? ማን ሊያገባህ ነው?" ስትለው፣ "ፒንሳ የጠፋባት" ይላታል። የግራ የፊት ጥርሱን ሽቦ በልቶት ጫፉ ተሸርፏል።

ያዋር ከጠፋ አስራ አንድ ወሩ ነበር። "አንድ አሮጌ ቤት መስመር ልዘረጋ ነው" ብሎ ወጣ። የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በገባ ቁጥር ቀና የምለው እሱ ይሆን ብዬ ነው።

ሰኞ አንድ ሽማግሌ ገቡ። የቤት ዘበኛ ነኝ አሉ። አገሩ በሙሉ አቧራ ሆኖ፣ ጫማቸው ላይ አቧራ የለም።

"አምፖል ስጠኝ፣ ልጄ።"

"ባለ ሁለት ጆሮው ነው ወይስ የሚጠመዘዘው፣ አባባ?"

"እኔ ምን አውቄ። የሚበራውን።"

"ሁሉም ይበራል። ችግሩ አለመግባቱ ነው። አሮጌውን ይዘው ይምጡ።"

"አሮጌ የለም።"

ለእንዲህ ያለው ያዋር አንድ ዘዴ ነበረችው። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ ጠንከር ያለ ሊጥ አምፖሉ የሚገባበት ላይ መጫን። ሊጡ ልኩን ይዞ ይወጣል። ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

"እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ።"

"ማን?"

ወጡ። ተከትዬ ወጣሁ... መንገዱ ላይ አልነበሩም።

ማክሰኞ ሊጡን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። ስፋቱን ለካሁ፤ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሁለት ጉብታ። ተጭኖ የሚዞረውን ባለ ሁለት ጆሮ ሰጠኋቸው። ለዋስትናው አድራሻ ጠየቅኩ።

"ከአሮጌው የጥጥ መፈልፈያ ጀርባ።"

ረቡዕ ሌላ ሊጥ፣ የሚጠመዘዘው። ሃያ ሰባት።

ሐሙስ ሦስተኛው፣ እሱም የሚጠመዘዘው፣ ግን ቀጭን። አስራ አራት።

ውጭ ሙቀቱ አርባ አራት ዲግሪ ነበር። ሦስቱም ሊጥ ግን ከጉድጓድ እንደወጣ ይቀዘቅዝ ነበር።

"ይህን ሁሉ መብራት ማን ፈልጎት ነው?" አልኩ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ትንፋሻቸው አልተሰማኝም።

"ጨለማ አይወድም። ሲጨልም ያወራል።"

"ማን ነው የሚያወራው? ያዋር የሚባል ልጅ ያውቃሉ?"

"ነገ አራተኛውን አመጣለሁ።"

ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ዓርብ መጡ። አራተኛው ሊጥ ሙቅ ነበር። እርጥብ።

ጨርቁን ገለጥኩት።

ክብ አልነበረም...

ንክሻ ነው። ላይና ታች፣ ሙሉ የሰው ጥርስ። የግራው የፊት ጥርስ ያረፈበት ላይ ትንሽ የሊጥ ጫፍ ሳይጫን ቀርቷል። ጥርሱ እዚያ ጋ ተሸርፏል ማለት ነው።

"ለዚህ የትኛው ይሆናል፣ ልጄ?"

ቀና ስል የሉም። ከባንኮኒው ላይ አንድ ትንሽ አምፖል ጎድሏል።

ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ከመፈልፈያው ጀርባ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው። በሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር ዝጎ ተጣብቋል። ቆጣሪው ከግድግዳው ተነቅሏል። ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል።

መብራት ሊገባ የሚችልበት መንገድ የለም። ሁለት ጊዜ ዞሬ አረጋገጥኩ።

በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ።

ሦስት አምፖሎች በርተዋል። ጣራው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ። የሸጥኳቸው ናቸው።

አራተኛ ብርሃን አለ። ዝቅ ያለ... የተቀመጠ ሰው ራስ በሚደርስበት ቁመት። ነጭ አይደለም፤ የእጅ ባትሪ በመዳፍ ሲሸፈን እንደሚቀላው ዓይነት ቀይ ነው።

"ያዋር..." አልኩ በሹክሹክታ።

ቀዩ ብርሃን ወደ እኔ ዞረ።

ከዚያ ቀስ ብሎ እንደ አፍ ተከፈተ። ነጭ ሆነ። በስንጥቁ ሾልኮ ደረቴ ላይ አረፈ።

ዝቅ ብዬ ሸሚዜን አየሁ።

የጥርስ ጥላ ተደርድሮበታል። አንዱ ጫፉ የተሸረፈ።