የትርፌ እጅ

«‹ደህና ነው› በይ፤ ሌላ አትጨምሪ» አለ አባቷ በሹክሹክታ፣ የጤና ጣቢያዋ የሲስተር አባይነሽ ክፍል በር ሲከፈት።

ትርፌ ተከትላው ገባች። ሰኞ የመንግሥት እርሻው ስንዴ መታጨድ ይጀምራል። አባቷ አቶ መርሻ «ለሥራ ብቁ ነው» የሚል ወረቀት ካልያዘ፣ አሥራ አንድ ዓመት የነዳው ኮምባይነር ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። ጭኑ ከተሰበረ ሰባት ወሩ፣ ከዘራውን ከጣለ ገና ሁለት ወሩ ነው።

«ጋሽ መርሻ፣ ጎረምሳ መስለዋል!» አለች ሲስተር። «እስቲ እስከ መስኮቱ ሄደው ይመለሱ።»

ደረቱን ነፍቶ ሄደ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቤት ውስጥስ? ከወንበር ሲነሱ ይቸገራሉ?»

«በአርባ አምስት ዓመቴ? ሽማግሌ አደረግሽኝ እኮ!»

«ሽማግሌ ሳይሆኑ ነዋ የምጠይቀው! ጉልበት ሹልክ ብሎ ነው የሚሄደው። ዛሬ ከያዝኩት በስፖርት እመልሰዋለሁ፤ ከቆየ ግን እኔም አልችለው።» ወደ ትርፌ ዞረች። «አንቺስ ምን ታዪያለሽ?»

አባቷ ታላቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ የሚል ሰው ነው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን «ኖር!» ባለ ቁጥር ትርፌ መዳፏን ክርኑ ሥር ሸጎጥ ታደርጋለች። ማንም አላየም። እሱም አንስቶት አያውቅም። የኮምባይነሩ መሰላል ግን ክርን አይደግፍም።

«ደ…» አለች፤ የቀረው አልወጣ አላት።

በሩ ተንኳኳ። የሰፈራቸው ሽማግሌ፣ አባ ሀሰኖ፣ ቀጠሯቸው ሳይደርስ ብቅ አሉ።

«ኖር!» አለ አባቷ። ክርኑን እንደ ልማዱ ወደ እሷ አስጠጋ።

ትርፌ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ጨምቃ ያዘች።

አቶ መርሻ ግማሽ ተነሳ፤ እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ታኢ፣ ታኢ! ተቀመጥ እንጂ መርሻ፣ ምን አስነሳህ?» አሉ አባ ሀሰኖ ደንግጠው።

ሲስተር አልደነገጠችም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አገኘሁት» አለች። «ስድስት ሳምንት ይስጡኝ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ እኔ ጋ ነዎት። የዘንድሮው ስንዴ ያመልጥዎታል፤ የከርሞው ግን የእርስዎ ነው። በሉ ክንድዎን አጣምረው እንደገና ይነሱ፣ ማንም ሳይነካዎት።»

አባቷ ዞሮ ትርፌን አያት። ከዚያ ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣመረ።

ትርፌ ወንበሯን አንድ ክንድ ያህል ከእሱ አራቀች።